ትንሽ ውሻ ቤት ውስጥም ደጅም ሽንት ትለምዳለች ወይ?

ይህ ጥያቄ የተነሳው በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ ነው፤ ከሥሩ የተደረደረውን መልስ ሁሉ ክር እለዋለሁ፣ ጸሐፊዎቹንም በመልሳቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ። ቁጥር 1፣ ጥያቄውን የከፈተችው ልጅ፣ የምትኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። አራት ወር የሞላት የማልቲዝ ዲቃላ ቡችላ አለቻት። ሚሚ ትባላለች። ሚሚ ገና ስትመጣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፓድ፣ ማለትም ሽንት የሚመጥ ንጣፍ፣ ተነጠፈላት፤ ቶሎም ለመደች። አሁን ክትባቷን ስለጨረሰች ውጭ መውጣት ተጀምሯል። ጣጣውም አብሮ ጀመረ። ሚሚ ደጅ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳር ታሸታለች፣ ቅጠል ታሳድዳለች፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ትላፋለች። ሽንት ግን የለም። ከዚያ አራት ፎቅ በደረጃ ተወጥቶ በሩ ሲከፈት ሮጣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ትለቀዋለች። ክረምት ሲገባ በዚያ ጭቃ በየሰዓቱ መውረድ ስለማይታሰብ ልጅቷ ፓዱን መተው አትችልም። ዕድሜ ልክ ፓድ እየገዙ መኖርም አልተዋጠላትም። ሁለቱን አንድ ላይ ማስለመድ ይቻላል? ወይስ አንዱን መርጣ ሌላውን ትርሳው? ጥያቄዋ ይኸው ነው።

እኔም ትንሽ ውሻ ስላለኝ ክሩን እስከ መጨረሻው ተከተልኩት። ደህና ነገር ተብሏል፤ የማይረባም ተብሏል። ቅደም ተከተሉን ሳልለቅ ላጫውታችሁ።

ቁጥር 2 ጨዋ ሰው ነው። እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ጀመረና ጥያቄ ደረደረ። በቀን ስንት ጊዜ ትበላለች? ምግቡ ሰሃን ላይ ቀኑን ሙሉ ይውላል ወይስ በሰዓት ይሰጣታል? ቀን ቤት ውስጥ ማን አለ? ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ እንጂ ግማሹ ሥራ እዚያ ነው ያለው። ሰሃኑ ሞልቶ የሚውልላት ቡችላ የምታስወጣበት ሰዓትም አይታወቅም። በሰዓት የምትበላ ቡችላ ግን በልታ ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ሲሆናት ቦታ መፈለግ ትጀምራለች። ወለል እያሸተተች ትዞራለች። ያኔ ነው አንስቶ መሮጥ።

ቁጥር 3 ጨዋነቱን አልቀጠለበትም። ውሻ የግቢ ነው፤ ቀን በር ላይ ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ የተረፈውን ይበላል ባይ ነው። ፎቅ ላይ ፓድ እያነጠፉ ውሻ ማሳደግ ለእሱ ጥጋብ ነው። ከሥሩ ብዙ ሰው ሳቀለት። እኔ ብዙም አላሳቀኝም። ግቢ የሌለው ሰው ስለ ግቢ ቢነገረው ምን ይፈይድለታል?

ቁጥር 4 ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የጻፈች ሴት ናት። የምትመክረው ኬጅ፣ ማለትም የሚዘጋ የውሻ ማደሪያ ሳጥን፣ ነው። ኬጁ ቡችላዋ የምትቆምበት፣ የምትዞርበትና የምትተኛበት ያህል ብቻ ይሁን፤ ሰፊ ከሆነ አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ሽንት ቤት ታደርገዋለች። ውሻ የምትተኛበትን ማቆሸሽ አትወድም፤ ነገሩ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከእንቅልፍ ስትነቃ፣ ስትበላ፣ ተጫውታ ስትጨርስ፣ ማታ ከመተኛቷ በፊት በቀጥታ ወደ ቦታዋ ትወሰዳለች። ስለ ሰዓትም የታወቀውን ስሌት ጠቀሰች። የቡችላዋ ዕድሜ በወር ተቆጥሮ አንድ ሲጨመርበት መያዝ የምትችለውን ሰዓት ይሰጣል። በዚህ ሂሳብ ሚሚ አምስት ሰዓት ትችላለች ማለት ነው።

ቁጥር 5 ይቺን ስሌት ያዘ። አምስት ሰዓት የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ ፈቃድ አይደለም አለ፤ ልክ ነው። በዚያ ላይ ስሌቱ ለመካከለኛ ውሻ እንኳን ግምት ነው። የማልቲዝ፣ የቺዋዋና የፖሜራኒያን የሽንት ፊኛ ትንሽ ስለሆነ ቀን ላይ በየሁለት ሰዓቱ ማውጣት ይሻላል። አንድ ነገርም ጨመረ። ሻጭ ጋ በጠባብ ሳጥን ውስጥ ቆሻሻዋ ላይ ተኝታ ያደገች ቡችላ ኬጅ አይሠራላትም፤ መኝታዋን የመጠየፍ ነገሯ አስቀድሞ ጠፍቷል። እንዲህ ላለችው ኬጁን ትቶ አንድ ክፍል ውስጥ ዓይን ሳይነቅሉ መያዝ ነው ያለው።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። ቁጥር 6 ላይ አንድ ትልቅ ሰው ገቡ። በዘመናቸው ብዙ ውሻ አሳድገዋል። የእሳቸው ዘዴ አጭር ናት፤ ሽንቱ ላይ አፍንጫዋን አሽቶ፣ በጋዜጣ መታ አድርጎ፣ ደጅ መወርወር። ቁጥር 7 ስድብ ሊባል የሚችል ነገር ጻፈላቸው። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ቁጥር 8 ላይ ልጄ እያሉ በትዕግስት አስረዱ። ውሻ ጥፋቱን ያውቃል፤ ባያውቅ ኖሮ ጌታው ሲገባ ጆሮውን ጥሎ ሶፋ ሥር ለምን ይገባል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቁጥር 9 ደግሞ ጥሩ መልስ ሰጠች። ኒውዮርክ ባርናርድ ኮሌጅ የምታስተምረው አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ በ2009 ያሳተመችውን ጥናት አነሳች። 14 ውሾች ከነባለቤቶቻቸው ተሳትፈዋል። ውሻው አትብላ የተባለውን ቁራጭ በላም አልበላም፣ ባለቤቱ ሲቆጣው ያ የጥፋተኛ ፊት ይመጣል። እንዲያውም ምንም ሳያጠፉ ቁጣ የደረሰባቸው ውሾች ፊቱን በደንብ አሳይተዋል። ጆሮ የሚወድቀው ቁጣውን አይቶ ነው ማለት ነው፤ ከሁለት ሰዓት በፊት የተሸናውን አስታውሶ አይደለም።

ከዚያ ቁጥር 9 ወደ ሚሚ ተመለሰች። ማንም ያላሰበውን ጥያቄ ጠየቀች፤ ቤት ውስጥ የሚጮህባት ሰው አለ? በሰው ፊት ስትሸና ቁጣ የደረሰባት ቡችላ ሰው ፊት መሽናት ያስቆጣል የሚለውን ትይዛለች። ሁለተኛ ሰው እያየ አትሸናም። ደጅ ደግሞ ገመዱን የያዘው ሰው አጠገቧ ቆሟል። ስለዚህ ትይዘዋለች። ቤት ስትገባ ገመዱ ይፈታል፣ ሰው ጀርባውን ይሰጣል፣ ምንጣፉ ላይ ትለቀዋለች። የአፍንጫ ማሸት ውጤት ይኸው ነው፤ ሽንቱን አያስቀርም፣ መደበቅን ያስተምራል። ትልቁ ሰው ከዚህ በኋላ አልተመለሱም። ቢመለሱ ደስ ይለኝ ነበር። ነገራቸው ለዛ ነበረው።

ቁጥር 10 ወደ ጽዳት ወሰደን። በረኪና አፍስሶ መወልወል ነው፤ ሽታውን ያጠፋል አለ። ቁጥር 11 ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ይመስላል፤ ትኩስ ሽንት ላይ በረኪና አታፍስሱ ብሎ ገባ። ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። መስኮት በተዘጋበት ትንሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለሰውም ለቡችላም አደጋ ነው። የሚሻለው በጨርቅ ሳያሹ ተጭኖ መምጠጥ፣ በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ አቼቶ በውሃ አቅጥኖ መርጨትና ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ መነስነስ ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ከተገኘ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሽታ የሚያመጣውን ነገር ራሱን ይሰባብረዋል። እኛ ጠፋ የምንለው ሽታ ለውሻ አፍንጫ አለ። ሽታው እስካለ ቦታው ሽንት ቤት ነው።

ቁጥር 12 የተናደደች ሴት ናት፤ ታች ፎቅ የምትኖር። ከላይዋ ያሉ ጎረቤቶች ውሻቸውን በረንዳ ላይ ያሸናሉ። እሷ ደግሞ በረንዳዋ ላይ በርበሬ አስጥታ ነበር። የቀረውን መገመት ይቻላል። ኪሎ በርበሬ ስንት እንደገባ እያነሳች ብዙ ጻፈች። ውሻ ስለማሳደግ የሚያወራ ሰው ስለ ሥሩ ጎረቤትም ያውራ ባይ ናት። እውነቷን ነው። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ወለል ተዳፋቱ ወደ ውጭ ነው፤ የፈሰሰ ሁሉ ወደ ታች ይሄዳል። ስለዚህ በረንዳ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ነገር ሥሩ ጠርዝ ያለው ሳፋ ወይም ትሪ ይፈልጋል።

ቁጥር 13 ላይ ጠያቂዋ ተመለሰች። የምትጮህባት እሷ አይደለችም፤ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ምንጣፉ ላይ ባየ ቁጥር ይጮሃል። ምግቡም ቀኑን ሙሉ ሰሃን ላይ ይውላል። ደጅ ሚሚ ከስንት አንድ ጊዜ ስትሸና ደግሞ ሥራ አለቀ ብለው ወዲያው ይዘዋት ይገባሉ። ይቺን የመጨረሻዋን እንደ ተራ ነገር ነው የጣለቻት።

ቁጥር 14 የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ጊዜ የሌለው ሰው ይህችን ብቻ ቢያነብ ይበቃዋል። የምትለው ይህ ነው። ቡችላ የምትለምደው ክፍሉን ሳይሆን ከእግሯ ሥር የሚሰማትን ነገር ነው። ይህ ምርጫ መፈጠር የሚጀምረው ገና በሁለት ወሯ አካባቢ ነው። ሲሚንቶ ላይ የጀመረች ሲሚንቶ ትፈልጋለች፤ ሳር ላይ የጀመረች ሳር። ሚሚ የጀመረችው ፓድ ላይ ነው፤ ለስላሳ፣ ጨርቅ መሳይ፣ ፈሳሽ የሚመጥ ነገር ላይ። ለእሷ የሳሎኑ ምንጣፍ ሰፊ ፓድ ነው። የመታጠቢያ ቤት ደጃፍ ላይ የሚነጠፈው ጨርቅም እንደዚያው። የተማረችውን በትክክል እየሠራች ነው፤ እንግዳ የሆነባት ሳሩ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ምንጣፉን ጠቅልሎ ማንሳት። ጥቂት ወር ያለ ምንጣፍ ቢኖር ሳሎን አይሞትም። ሁለተኛ፣ ሽንት የነካው የፓድ ቁራጭ ይዞ መውረድና ሳሩ ላይ ማስቀመጥ፤ ሽታው ቦታውን ይነግራታል። ቁራጩ በየጊዜው እያነሰ ይሄዳል። ሁልጊዜ ያው ጥግ፣ በአጭር ገመድ፣ ሰውየው እንደ ግንድ ዝም ብሎ ቆሞ። ጨዋታ የለም፣ ስልክ የለም፣ ወዲያ ወዲህ መንሸራሸር የለም። የሚመረጠው ሰዓት ማለዳ ነው፤ ሌሊቱን የያዘችው ስላለ የመሳካት ዕድሉ ከፍ ይላል። ልክ ስትጨርስ፣ እዚያው ቆመው፣ ከእጅ ላይ አንዲት ቁራሽ ሥጋ። ቤት ገብቶ የሚሰጥ ሽልማት በር በመግባቷ የተሰጠ ነው የሚመስላት።

ከዚያ ቁጥር 13 የጣለቻትን ነገር አነሳች። ደጅ መውጣት ለቡችላ ትልቁ ደስታዋ ነው። ስትሸና ወዲያው ወደ ቤት ከተወሰደች፣ ሽንት ደስታውን እንደሚያስቆም ትማራለች። ብልጥ ስለሆነች ታቆየዋለች። ተገልብጦ መሠራት አለበት፤ ጨዋታው ከሽንት በኋላ ይመጣል። ካልሸናች ደግሞ ታቅፋ ትመለሳለች፤ ወለል ሳትረግጥ በቀጥታ ፓዱ ላይ ትቀመጣለች። በበሩና በፓዱ መካከል ያለችዋ ነፃነት ናት ምንጣፉን ያበላሸችው።

ለዋናው ጥያቄ መልሷ አዎ ነው፤ ሁለቱንም መልመድ ትችላለች። ግን ወለሉ አንድ ቢሆን ይቀላል። በረንዳ ላይ ጠርዝ ባለው ትሪ ውስጥ ከነሥሩ የተነቀለ ሳር ማስቀመጥና ፓዱን ቀስ በቀስ በሳሩ መተካት። ያኔ ደጅም ሳር ነው፣ ቤትም ሳር ነው፤ ዝናብ ሲጥል ሚሚ አዲስ ነገር መማር የለባትም።

እዚህ ላይ የራሴን ጣል ላድርግ። ትንንሽ ውሾች ለመልመድ አስቸጋሪ ናቸው ሲባል ብዙ ሰምቻለሁ። የፊኛው ማነስ አለ፤ ግን ትልቁ ምክንያት ባለቤቱ ነው ብዬ አስባለሁ። ጀርመን ሼፐርድ ሳሎን መሃል ቢሸና ያን ዕለት ቤተሰብ ተሰብስቦ መላ ይመታል። የማልቲዟ ግን የቡና ሲኒ የማይሞላ ስለሆነ በሶፍት ተጠርጎ ይረሳል። ነገም ይጠረጋል። ዓመት ይሞላል።

ቁጥር 15 የክሩ ምርጥ ታሪክ ነው። ጉለሌ የሚኖር ቤተሰብ ውሻውን ከሕፃንነቱ ሳር ላይ አስለምዶታል። አንድም ቀን ቤት አበላሽቶ አያውቅም፤ ይኮሩበታል። የእንቁጣጣሽ ዕለት ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦት ቀርቦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ ውሻው ከጓሮ ገባ። አየ። አሸተተ። ከዚያ በሰፊው፣ ሳይቸኩል፣ ቄጠማው መሃል ላይ ተገላገለ። አክስትየዋ ቡናውን ሳይጠጡ እንደሄዱ ጻፈ። ቁጥር 14 ተመልሳ መጥታ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማምጣት እንደማትችል ተናገረች። ለበዓል ቀን መፍትሔው ቄጠማው ከመጎዝጎዙ በፊት ደጅ ማሸናት፣ ከዚያም ቡናው እስኪያልቅ ሌላ ክፍል ማቆየት ነው።

ቁጥር 16 ስለ ወጪ አነሳ። ለውሻ የተሠራ ፓድ ባይገኝ ፋርማሲ የሚሸጠው የሕመምተኛ አልጋ ፓድ ያገለግላል፤ ግን ወር ከወር ሲደመር ኪስ ይጎዳል። እሱ የሚጠቀመው ሰጋቱራ ነው። ከእንጨት ቤት በማዳበሪያ ያመጣል፣ ጠርዙ ዝቅ ያለ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ይዘረጋዋል፣ የረጠበውን ብቻ እየዛቀ ይጥላል። ሽታውንም ያፍነዋል። ቁጥር 17 ምክሩን ወደደው፤ ግን አስጠነቀቀ። የቺፑድና የኤምዲኤፍ ብናኝ ሙጫ ያለበት ነው፤ ቀለም የተቀባ እንጨት ብናኝም አይሆንም። የጥድ ወይም የባሕር ዛፍ ንጹሕ ሰጋቱራ፣ ያውም ደቃቁ ዱቄት ሳይሆን ወፈር ያለው። የትንሽ ውሻ አፍንጫ ከመሬት ጥቂት ጣት ነው ከፍ የሚለው፤ ብናኙን ሁሉ ትስበዋለች።

ከዚያ ክሩ ባሕር ተሻገረ። ከሚኒያፖሊስ ቁጥር 18 የጻፈችው ሴት ችግሯ ጭቃ ሳይሆን በረዶ ነው። በረዶው ከውሻዋ ይረዝማል። እሷ ጓሮውን በአካፋ ጠርጋ አንዲት የሳር ቦታ ትከፍትላታለች፣ ሹራብ ታለብሳታለች። መንገድ ላይ የሚበተነው የበረዶ ማቅለጫ ጨው መዳፍ ይቆጠቁጣል፣ ሲላስም ይጎዳል፤ ስለዚህ ሲገቡ እግሯ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል። ከዱባይ የመጣው ቁጥር 19 የተገላቢጦሽ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን አስፋልቱ መዳፍ ይልጣል። የእጅን ጀርባ መሬቱ ላይ አሳርፎ ጥቂት ሴኮንድ መታገስ ካልተቻለ ውሻዋም አትችልም። የሚወጡት ጎህ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ ነው። ቀን ላይ በረንዳው ላይ ያለች ሰው ሠራሽ ሳር ትበቃለች፤ ሥሯ ግን በየቀኑ ካልታጠበ ሽታው ቤቱን ያስለቅቃል።

ቁጥር 20 ከስቶክሆልም ናት። ስዊድን ውስጥ ውሻ ቀን ላይ ቢያንስ በየስድስት ሰዓቱ መውጣት እንዳለበት፣ ቡችላና አሮጌ ውሻ ደግሞ ከዚያም ቶሎ ቶሎ መውጣት እንዳለባቸው ደንብ አለ። ፓድ አንጥፎ ሥራ መዋል እዚያ አያስኬድም። ቁጥር 21 ከፍራንክፈርት ስለ ሽንት አንድም ቃል ሳይተነፍስ ስለ ውሻ ግብር ብቻ አማርሮ ሄደ።

ቁጥር 22 ሁሉንም ቆጣ። ውጭ አገር ያላችሁ ሰዎች ሊፍት አላችሁ፣ የውሻ መናፈሻ አላችሁ፣ በስልክ የሚታዘዝ ማጽጃ አላችሁ፤ እዚህ አምስት ፎቅ በደረጃ ነው፣ ታች ሲወረድ ደግሞ አምስት የጎዳና ውሻ ይጠብቃል፤ በማያውቁት ኑሮ አትስበኩ አለ። ንግግሩ ሻካራ ነበር። ቁጥር 23፣ ከስቶክሆልሟ የመጣ መልስ፣ ያን ያህል ሻካራ ባይሆንም አልለሰለሰም። ቁጥር 16 በሰጋቱራና በሳፋ የሠራው ሊፍት አልጠየቀም አለች። እኔ ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ እሰጣለሁ። የደረጃው ነገር ግን እውነት ነው። ለዚህም ነው በኮንዶሚኒየም የቤት ውስጥ ቦታ ቅንጦት ያልሆነው፤ አራት ወር ያላት ቡችላ አራት ፎቅ እስኪወረድ አትጠብቅም።

የጎዳና ውሾቹን ጉዳይ ቁጥር 24፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፣ በቁም ነገር ያዘው። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ከታመመ ውሻ ሰገራ ወጥቶ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል። ያልተከተበች ቡችላ ስታሸት ትይዘዋለች፤ ትውከቱና ደም የቀላቀለው ተቅማጥ በቀናት ሊገድላት ይችላል። ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀመርና በየሦስት አራት ሳምንቱ እየተደገመ አራት ወር ገደማ ድረስ ይሄዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላት። እኛ አገር ይህኛው ቀልድ አይደለም፤ በሽታው ለሰውም ይተርፋል።

እና ከቁጥር 14 ጋር እንዴት ይታረቃል? እሷ ምርጫው በሁለት ወር ይጀምራል ብላለች፤ እሱ ደግሞ እስከ አራት ወር ውሾች የሚረግጡትን መሬት አታስረግጧት ይላል። መፍትሔው ያው የበረንዳ ሳር ነው፤ ውሻ ከማይደርስበት ግቢ የመጣ። ደጁን ደግሞ ታቅፋ ትየው፤ የመኪና ድምፅ፣ የልጆች ጩኸት፣ የሰው ብዛት በክንድ ላይ ሆና ትልመደው። ትንሽ ውሻ መሆን ለዚህ ጠቀመ። በነገራችን ላይ በረኪናን ከውርደት ያወጣው ይኸው ተማሪ ነው። ፓርቮ በነበረበት ቤት ወለሉ መጀመሪያ በደንብ ታጥቦ፣ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ቢቆይበት ቫይረሱን ይገድላል። ቁጥር 10 ይህን አንብቦ ዝም ብሎ አላለፈም፤ ድል እንደነሳ ሰው ተመልሶ ጻፈ።

ከ25 እስከ 28 ያሉት ሃይማኖት ውስጥ ገቡ። አንዱ ስዕለ አድኅኖ ባለበት ክፍል ውሻ እንዴት ይገባል አለ። ሌላው የነፍስ አባቱን ጠይቆ የጸሎቱን ቦታ ለይቶ በንጽሕና እንዲይዝ እንደተነገረው ጻፈ። አንዲት ሙስሊም እህት ከእስልምና የሕግ መንገዶች በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅና እርጥበት ነጃሳ (ርኩስ) እንደሆነ፣ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር፣ እንደሚታጠብ፣ በማሊኪ ግን ነገሩ ቀለል እንደሚል አስረዳች። ልመናዋ አንድ ነው፤ በጋራ ደረጃ ላይ ውሻ ስታወርዱ ያዝ አድርጓት፣ ለሶላት የተዘጋጀ ሰው ልብስ ላይ አትዝለል። ከክሩ ሁሉ ጨዋው ክፍል ይህ መሆኑ ገረመኝ። የምጠብቀው ድብድብ ነበር።

ቁጥር 29 የሁለት ዓመት ፑድል አለው፤ ደጅ በደንብ ይሸናል፣ ቤት ግን የሶፋ እግርና የመጋረጃ ጫፍ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ቁጥር 24፣ ያ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፣ መለሰለት። ያ ሽንት አለመልመድ አይደለም፤ ወንድ ውሻ ክልሉን ሲያሰምር ነው። ማኮላሸት በብዙዎቹ ይቀንሰዋል፤ በተለይ ልማድ ሳይሆን ከተሠራ። ቁጥር 30 ደግሞ እንግዳ ሲመጣ በደስታ የምትለቅ ቡችላ አለቻት። ለእሷ የተሰጠው ምክር እንግዳው ገብቶ እስኪቀመጥ ውሻዋን እንዳላየ እንዲሆን፣ ሲነካትም ከላይ ጎንበስ ሳይል ከደረቷ ሥር እንዲዳብሳት ነው። መቆጣት ያባብሰዋል። ከዕድሜ ጋር በአብዛኛው ይተዋቸዋል።

ቁጥር 31 ሚሚ ስንት ተገዛች ብሎ ጠየቀ፤ ሦስት ሰው ዋጋ መጥራት ጀመረና አስተናባሪው አጸዳው።

ቁጥር 32 ጠያቂዋ ናት፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ። ምንጣፉ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ገብቷል። ወንድሟ መጮሁን ትቷል፤ ይልቅ የማለዳው ተራ ለእሱ ተሰጥቶ አሁን ከሁሉም በላይ የሚመጻደቀው እሱ ነው። ማለዳ ሚሚ ሳሩ ላይ ትሸናለች፤ ለዚያች ቁራሽ ሥጋ ስትል ትቸኩላለች። ማታ ግን አሁንም ፓድ ትመርጣለች። የበረንዳውን ሳር መጀመሪያ መኝታ መስሏት ተኝታበት ነበር፤ የፓድ ቁራጭ ሲቀመጥበት ገባት። ሳሩ ቶሎ ቢጫ ይሆናል፤ በየጊዜው ይቀየራል። ሥሩ ትሪ አለ፤ ለቁጥር 12 ስትል ሁለት ትሪ እንዳደረገች ጽፋለች። ቁጥር 12ም የመውደድ ምልክት አድርጋላታለች።

ክሩ እዚህ ያልቃል ስል ቁጥር 33 መጣች። አሥር ዓመት የሆናት ውሻ አለቻት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ንጹሕ የነበረች፣ በቅርቡ ሌሊት መኝታዋ ላይ መልቀቅ ጀምራለች። ከላይ ያለውን ሁሉ ልጀምርባት ወይ ብላ ጠየቀች። ተማሪው በቁጥር 34 ቶሎ ደረሰ። አትጀምሪ አላት። የለመደች ውሻ በድንገት ስትለቅ መጀመሪያ የሚታየው ሕመም ነው፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ኩላሊት፣ ስኳር። ውሃ አብዝታ ትጠጣ እንደሆነ አስተውይ፤ ሽንት ይቀንሳል ብለሽ ግን ውሃ አትከልክያት። ማለዳ የምትሸናውን በንጹሕ ዕቃ ተቀብለሽ የዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ውሰጂው ብሎ፣ በዝቅተኛ ሳህን ከኋላ በኩል እንዴት እንደሚቀበሉ ጭምር አስረዳት።